ከዓሣው በፊት ባክቴሪያው፦ አዲስ አኳሪየምን ሳይክል ማድረግ

አዲስ አበባ ውስጥ ዓሣ ማርባት የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዳውን፣ ጠጠሩን፣ ፊልተሩንና ዓሣውን በአንድ ቀን ገዝቶ ቤቱ ይገባል። ውሃ ይሞላል፣ ዓሣው ይገባል፣ ሦስት አራት ቀን ሁሉም ነገር ያምራል። ከዚያ በኋላ ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው ከውሃው ገጽ ሥር አፋቸውን መክፈት መዝጋት ይጀምራሉ፤ ምግብ ይተዋሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ተራ በተራ ይሞታሉ። ሻጩ በሽታ ነው ይላል፣ ገዢው ውሃው አልተስማማቸውም ይላል። በአብዛኛው ግን የገደላቸው ከራሳቸው የወጣው አሞኒያ ነው።

መፍትሔው ዓሣ ከማስገባት በፊት ገንዳውን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያለ ዓሣ ማስኬድ ነው፤ ሳይክል ማድረግ የሚባለው ይህ ነው። በእነዚያ ሳምንታት የምታረቡት ባክቴሪያ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በ60 ሊትር ገንዳ ልክ ነው፤ ለጀማሪ የምመክረውም እሱኑ ነው። ከዚያ ያነሰ ገንዳ ውስጥ ትንሽ ስህተት ወዲያው ዓሣ ይጎዳል። ክብ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ፊልተር የሚቀመጥ ጎልድፊሽ ደግሞ ምንም ብትደክሙለት በራሱ ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚኖረው።

የሚሆነው ነገር እንዲህ ነው። ዓሣ አሞኒያን የሚያስወጣው በዋናነት በስንጥቡ (በሚተነፍስበት አካሉ) ነው። የተረፈ ምግብና ኩስም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ኒትሮሶሞናስና መሰሎቹ ይህን አሞኒያ ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል። ናይትራይቱን ደግሞ ኒትሮስፓይራ የሚባለው ባክቴሪያ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትራይትና ናይትሬት ስማቸው ስለሚመሳሰል ተጠንቀቁ፤ የመጀመሪያው መርዝ ነው፣ ሁለተኛው በመጠኑ ከሆነ ዓሣ የሚችለው ነገር ነው። አሞኒያ ስንጥብ ያቃጥላል። ናይትራይት ደም ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢንን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ስንጥቡ ቡናማ ይመስላል፣ ዓሣው አየር እያለ ይታፈናል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ውሃው ውስጥ ተንሳፈው ሳይሆን የፊልተሩ ስፖንጅ፣ ጠጠሩና መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ነው። ስለዚህ «ሦስት ሳምንት የቆየ ውሃ» ከሰው መዋስ ብዙም ጥቅም የለውም። የቆየ ስፖንጅ ግን እንደ እርሾ ነው፤ ጤናማ ገንዳ ያለው ሰው ካወቃችሁ ከፊልተሩ ቁራጭ ለምኑ። እርጥብ እንደሆነ፣ አየር ያለበት ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ በሰዓታት ውስጥ ወደ ፊልተራችሁ አስገቡት። 6 ሳምንቱ ወደ 1 ወይም 2 ሳምንት ሊያጥር ይችላል። ከመውሰዳችሁ በፊት ግን ሰውየው በቅርብ ወራት ዓሣ ሞቶበት ወይም ነጭ ነጠብጣብ የያዘው ዓሣ ነበረው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ በሽታውም አብሮ ይመጣልና።

ዕቃውን በአጭሩ። የመስታወት ሠራተኛ የሚሠራላችሁ 60 በ30 በ35 ሴንቲሜትር ገንዳ 63 ሊትር ይይዛል፤ ጠጠርና ከላይ የሚቀረው ቦታ ሲቀነስ 50 ሊትር ገደማ ይሆናል። ለመድኃኒትም በኋላ ለምትጨምሩት አሞኒያም ሒሳብ የምትጠቀሙት ይህንን የተጣራውን መጠን ነው፤ ስትሞሉ ባልዲ እየቆጠራችሁ ብትመዘግቡ ጥሩ ነው። ሲሊኮኑ ሻጋታ መከላከያ የሌለበት ይሁን፣ ውሃ ከመሙላታችሁ በፊትም ቢያንስ 3 ቀን ይድረቅ። ሲሞላ ከ70 ኪሎ በላይ ስለሚሆን ተራ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት። ጠጠሩን ከወንዝ ወይም ከግንባታ ቦታ ካመጣችሁ ደረቁ ላይ አቼቶ አንጠባጥቡ፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ የውሃውን ጥንካሬ (የማዕድን መጠን) እና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) እያሳደገ ይሄዳል። ለፊልተር ማጠናከሪያ ለግንባታ የሚሸጠው ቀይና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በጣም ጥሩ ነው፤ ቀዳዳው ሁሉ የባክቴሪያ ቤት ነው። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግማችሁ እጠቡት። ለገንዳው የሚሆን ባልዲ ለይታችሁ ያዙ፣ ሳሙናም በረኪናም አያግኘው።

ለጀማሪ የምመርጠው ፊልተር በኤር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር ነው። ርካሽ ነው፣ የሚበላሽ ክፍል የለውም፣ አየርም ይሰጣል። አየሩ አዲስ አበባ ላይ ከሌላ ቦታ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚይዘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ባክቴሪያዎቹም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ፓምፑ ሌሊትም ቀንም ይሠራል፤ «ድምፁ ይረብሻል» ተብሎ ማታ አይጠፋም።

ኤር ፓምፑን ከውሃው መስመር በላይ አስቀምጡት ወይም ቱቦው ላይ ውሃ ወደ ኋላ የማያሳልፍ ቫልቭ ግጠሙ። ፓምፑ ከገንዳው በታች ወለል ላይ ካለ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ እየተሳበ ፓምፑንም የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውንም ያረጥባል። ቫልቩ ዋጋው ትንሽ ነው፤ አቅጣጫውን በአፋችሁ እየነፋችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ አስገቡት።

ሂተርም የግድ ነው። ባክቴሪያዎቹ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ላይ በፍጥነት ይራባሉ፤ በክረምት የቤት ውስጥ ውሃ 18 ዲግሪ ሲሆን ግን በጣም ይዘገያሉ፣ ሥራው ወራት ሊፈጅ ይችላል። ለ60 ሊትር 75 ወይም 100 ዋት ይበቃል። ቴርሞሜትር ለብቻው ግዙ፣ ሂተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። ውሃ ስትቀንሱ ሂተሩን ከሶኬት ንቀሉት፤ ጋለ ብሎ አየር ላይ የቆየ ሂተር ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል።

ወደ ውሃው እንምጣ። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። የከርሰ ምድር ውሃ በአብዛኛው ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን የበዛበት ነው። ስለዚህ ቦሌ የሚኖር ጓደኛችሁ የነገራችሁ ቁጥር ለእናንተ ሰፈር ላይሠራ ይችላል፤ የራሳችሁን ቧንቧ ለኩ። ክሎሪን ደግሞ የምታረቡትን ባክቴሪያ ይገድላል። ውሃውን ክፍት ባልዲ ውስጥ አየር እየነፋችሁ ለ24 ሰዓት ብታቆሙት ክሎሪኑ ይወጣል፤ ለሰከነ የሮቶ ውሃም ቢሆን ይህንኑ ማድረግ ጥሩ ነው። ክሎራሚን ግን በማቆም አይወጣም። ክሎራሚን በሚጠቀሙ ከተሞች፣ ለምሳሌ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች፣ የምትኖሩ ከሆነ የክሎሪን ማጥፊያ መድኃኒት መግዛት አለባችሁ።

ያለ ቴስት ኪት ግን አትጀምሩ። ቢያንስ የአሞኒያ፣ የናይትራይት፣ የናይትሬትና የፒኤች መለኪያ ያስፈልጋችኋል፤ የኬኤች ቢጨመርበት ደግሞ በጣም ይረዳል። ኬኤች ማለት ውሃው ውስጥ ያለው የካርቦኔት ጥንካሬ ነው፣ ፒኤች እንዳይወድቅ የሚይዘው እሱ ነው፤ የሚለካውም በዲግሪ ነው፣ የሙቀት ዲግሪ ግን አይደለም። ከወረቀት መለኪያው የጠብታው ይሻላል፣ ይበልጥ ትክክል ነው፣ ለብዙ ጊዜም ይበቃል። ቀለሙን በቀን ብርሃን፣ ከነጭ ወረቀት ፊት አድርጋችሁ አንብቡት። በቢጫ አምፖል ሥር የአሞኒያው አረንጓዴ ቢጫ ይመስላል፤ 0.5 የሆነውን 0 ብላችሁ ትጽፋላችሁ። በብዙ ኪቶች የናይትሬቱ ሁለተኛ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ዱቄት ወደ ታች ይሰክናል። መመሪያው 30 ሰከንድ አጥብቃችሁ ነቅንቁ ካለ 30 ሰከንድ ነው፤ ያልተነቀነቀ ጠርሙስ ናይትሬት ሞልቶ ሳለ ዜሮ ያሳያል።

አሁን አሞኒያው። ባክቴሪያው እንዲራባ ምግብ ይፈልጋል፣ ዓሣ ስለሌለ የምትመግቡት እናንተ ናችሁ። በጣም ንጹሑ መንገድ የላቦራቶሪ ኬሚካል ከሚሸጡ ቤቶች አሞኒየም ክሎራይድ መግዛት ነው፤ 50 ግራም ለብዙ ጊዜ ይበቃችኋል። 0.1 ግራም በሚለይ ትንሽ ሚዛን 3.1 ግራም መዝኑና በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙት። ከዚህ ድብልቅ 1 ሚሊ ሊትር በ10 ሊትር ውሃ ውስጥ ሲገባ አሞኒያውን በ1 ፒፒኤም ከፍ ያደርገዋል። 1 ፒፒኤም ማለት በ1 ሊትር 1 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ የተጣራ 50 ሊትር ላለው ገንዳ 2 ፒፒኤም ለማድረስ 10 ሚሊ ሊትር በስሪንጅ ትጨምራላችሁ። ጠርሙሱ ላይ በትልቁ ጻፉበት፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታም አስቀምጡት።

ሰዎች ለእርሻ የሚሸጠውን ዩሪያ ይጠቀማሉ። እኔ አልመክረውም፤ ዩሪያ በሌላ ባክቴሪያ ተሰባብሮ አሞኒያ እስኪሆን ድረስ መለኪያው አያየውም። ዛሬ ዜሮ አይታችሁ ትጨምራላችሁ፣ ከሳምንት በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣል። ዳፕ የተባለው ማዳበሪያ ደግሞ ከአሞኒያው ጋር ብዙ ፎስፌት ስለሚያመጣ ገንዳውን በአልጌ ይሞላዋል። ለጽዳት የሚሸጥ ፈሳሽ አሞኒያ ካገኛችሁ ነቅንቁት፤ አረፋው ቶሎ ካልጠፋ ሳሙና አለበት፣ ተዉት። ኬሚካሉ ጨርሶ ካልተገኘ በየሁለት ቀኑ አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ መጨመር ይቻላል። እሱም ይሠራል፣ ግን መጠኑን መቆጣጠር አይቻልም፣ ይሸታል፣ ጊዜም ይወስዳል።

አካሄዱ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያው ቀን ሂተሩን 27 ዲግሪ ላይ አድርጉ፣ መብራቱን አጥፉ (ባክቴሪያው ብርሃን አይፈልግም፣ አልጌ ግን ይፈልጋል)፣ አሞኒያውን 2 ፒፒኤም አድርሱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ለክታችሁ ሒሳባችሁን አረጋግጡ። ከዚያ በየሁለት ቀኑ አሞኒያና ናይትራይት ለኩና ደብተር ላይ ጻፉ። የመጀመሪያው ሳምንት አሰልቺ ነው፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም፣ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። በመካከል ውሃው እንደ ወተት ሊነጣ ይችላል። ያ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ነው፤ በቀናት ውስጥ ራሱ ይጠራል፣ ምንም አታድርጉበት። ውሃው መጥራቱም ሳይክሉ ማለቁን አያሳይም፤ አሞኒያም ናይትራይትም ቀለም የላቸውም።

ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ናይትራይት መታየት ይጀምራል፣ አሞኒያውም ይወርዳል። አሞኒያው ከ0.5 በታች በወረደ ቁጥር እንደገና 2 ፒፒኤም አድርሱት። እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ልብ በሉ፦ 1 ፒፒኤም አሞኒያ ሲቀየር 2.7 ፒፒኤም ናይትራይት ይሆናል። ሦስት ጊዜ 2 ፒፒኤም ከሰጣችሁ ናይትራይቱ 16 አካባቢ ይደርሳል፣ የብዙ ኪት መለኪያ ግን 5 ላይ ያበቃል። ቀለሙ በየቀኑ ያው ጥቁር ወይን ጠጅ ስለሚሆን «ቆሟል» ትላላችሁ። ለማወቅ 1 እጅ የገንዳ ውሃ በ9 እጅ የተጣራ ውሃ አቅጥናችሁ ለኩ፣ ያገኛችሁትን በ10 አባዙ። የናይትሬት መለኪያውን በዚህ ወቅት ተዉት፤ ናይትራይቱን ራሱን እንደ ናይትሬት ስለሚቆጥረው ቁጥሩ ውሸት ነው።

ናይትራይት ሲከማች የአሞኒያውን መጠን ወደ 1 ፒፒኤም ቀንሱና በየሁለት ቀኑ ስጡ። ናይትራይቱ ከ10 ካለፈ የውሃውን ግማሽ ቀይሩ። ባክቴሪያው እንዳይወጣ አትፍሩ፣ ስፖንጁ ላይ ነው ያለው። ናይትራይትን የሚበላው ባክቴሪያ ቀስ ብሎ ነው የሚራባው፤ ሁለት ሳምንት ያለ ለውጥ ከቆየ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ዜሮ ሲወርድ ታያላችሁ።

ሥራው በእውነት የቆመበትም ጊዜ አለ። በጣም የተለመደው ምክንያት የኬኤች ማለቅ ነው። አሞኒያ ሲቀየር አሲድ ይወጣል፣ ያንን አሲድ የሚያበርደው ኬኤች ነው። አንድ የ2 ፒፒኤም መጠን ሙሉ በሙሉ ሲቀየር 0.7 ዲግሪ ያህል ኬኤች ይበላል። ቧንቧችሁ 3 ዲግሪ ብቻ ካለው፣ ውሃ ሳትቀይሩ አምስተኛው መጠን ላይ ስትደርሱ ምንም አይቀርም። ፒኤች ከ6.5 ሲወርድ ባክቴሪያው ይዘገያል፣ ወደ 6 ሲጠጋ ሥራውን ያቆማል ማለት ይቻላል። መድኃኒቱ ወጥ ቤት ውስጥ አለ፦ ቤኪንግ ሶዳ። ለ50 ሊትር 1.5 ግራም ኬኤችን በ1 ዲግሪ ያሳድጋል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ለጥ ያለ 5 ግራም ገደማ ስለሆነ ከ3 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ቤኪንግ ፓውደር ግን አይደለም። እሱ ውስጥ አሲድና ስታርች አለበት፣ ሱቅ ስትልኩ ለተላከው ልጅ ሁለቱን ለይታችሁ ንገሩት።

ሌላው ምክንያት አሞኒያ ማብዛት ነው፤ ከ5 ፒፒኤም በላይ ሲሆን ባክቴሪያውን ራሱን ያፍነዋል። ውሃ ቀይራችሁ አውርዱት። ሦስተኛው የፎስፌት እጥረት ነው፤ ንጹሕ ኬሚካል ብቻ በሚጠቀም ገንዳ ውስጥ ያጋጥማል፣ አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ያስተካክለዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ያጠበ ሰው ቤት ውስጥ እንዳለ ጠይቁ። ቆሽሾ ቡናማ የሆነው ስፖንጅ ነው ገንዳውን የሚያኖረው። ውሃ ማሳለፍ ሲያቅተው ብቻ፣ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨምቁት።

መብራት ሲጠፋ የስፖንጅ ፊልተር በገንዳው ውሃ ውስጥ ስላለ ለሰዓታት ይቋቋማል። ዝግ የሆነው የውጭ ፊልተር ግን ውስጡ ያለው ኦክስጅን ቶሎ ያልቃል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ከጠፋ ከፍታችሁ ስፖንጁን ወደ ገንዳው አስገቡት። ሳትከፍቱት ቀኑን ሙሉ ከቆየና ከሸተተ ውስጡ ያለውን ውሃ ሳትደፉ አታብሩት። በባትሪ የሚሠራ አንድ ኤር ፓምፕ ቤት ውስጥ ይኑር። ገንዳውን በብርድ ልብስ ብትሸፍኑት ሙቀቱ ይቆያል፣ ከላይ ግን አየር ይግባ።

ማለቁን የምታውቁት በአንድ ፈተና ነው። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ በሆኑበት ቀን 2 ፒፒኤም አሞኒያ ስጡ፣ ልክ በ24 ሰዓቱ ለኩ። አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0 ከሆነ ገንዳው ዝግጁ ነው። አንዱ እንኳን ከታየ ጥቂት ቀን ቆዩና ድገሙት። ካለፈ በኋላ ናይትሬቱ ከ20 እስኪወርድ ድረስ ከ80 እስከ 90 በመቶ ውሃውን ቀይሩ፣ አዲሱ ውሃ ክሎሪን የሌለውና ሙቀቱ የተስተካከለ ይሁን። ዓሣውን በዚያው ወይም በማግስቱ አምጡ። ከዘገያችሁ በየሁለት ቀኑ 1 ፒፒኤም መስጠት አታቋርጡ፤ ያልበላ ባክቴሪያ ይቀንሳል።

ለዚህ ገንዳ ከ8 እስከ 10 ጋፒ ጥሩ ጅማሬ ነው። ጎልድፊሽ ብዙ ስለሚበላና ብዙ ቆሻሻ ስለሚያወጣ ለ60 ሊትር አይሆንም። የመጡበትን ፌስታል ሳትከፍቱ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፉት፣ ከዚያ ከፍታችሁ በየ5 ደቂቃው ግማሽ ስኒ የገንዳ ውሃ ጨምሩበት። በመጨረሻ ዓሣውን በመረብ አውጥታችሁ አስገቡ፤ የሱቁን ውሃ ወደ ገንዳው አትድፉ።

ዓሣው አስቀድሞ ገንዳ ውስጥ ላለ ሰው መንገዱ ሌላ ነው። አሞኒያ አይጨመርም። ምግብ በየሁለት ቀኑ ትንሽ ብቻ ይሰጣል፣ ውሃው በየቀኑ ይለካል፣ አሞኒያና ናይትራይት ተደምረው ከ0.5 ባለፉ ቁጥር ከ30 እስከ 50 በመቶ ይቀየራል። ናይትራይት ሲታይ በ10 ሊትር 1 ግራም የወጥ ቤት ጨው አሟሙታችሁ ጨምሩ፤ ክሎራይዱ ናይትራይት በስንጥብ እንዳይገባ ይሻማዋል። ውሃ ስትቀይሩ መልሳችሁ የምትጨምሩት ለተቀየረው ውሃ ብቻ ነው። ጨው ለአሞኒያ አይረዳም። የአሞኒያ መርዝነት በፒኤች ይወሰናል፦ በ25 ዲግሪ፣ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ያህሉ፣ ፒኤች 8 ላይ ደግሞ ከ5 በመቶ በላይ የሆነው በመርዛማ መልኩ ይገኛል። ስለዚህ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ፣ ፒኤቹም ከ8 በላይ ከሆነ፣ 0.5 ስታዩ እስከ ነገ አታቆዩት። ፒኤቹ 6 የወረደና አሞኒያ ያከማቸ የቆየ ገንዳ ከሆነ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ውሃ አትቀይሩ። ፒኤቹ ድንገት ሲወጣ ተኝቶ የነበረው አሞኒያ ወደ መርዝነት ይቀየራል፤ 10 በመቶ እያደረጋችሁ በቀን ሁለቴ ሂዱ።

አሞኒያን ቶሎ የሚመጥጡ ተንሳፋፊ ተክሎች በሁለቱም መንገድ ያግዛሉ። እምቦጭን ግን ከጣና ዳርም ሆነ ከሌላ ቦታ አታምጡ፣ ሲበዛ ሰው ወደ ቦይ ይጥለዋል፣ ከዚያ የት እንደሚደርስ ሁላችንም አይተናል።

ዓሣው ከገባ በኋላ ለአንድ ወር በሳምንት ሁለቴ ለኩ፣ በየሳምንቱም ሩቡን ውሃ ቀይሩ። ናይትራይት 0.25 እንኳን ካሳየ ምግቡን ለሁለት ቀን አቁሙ፣ ሲሶውን ውሃ ቀይሩ፣ ተከታታይ ሦስት ልኬት ዜሮ እስኪሆን ድረስም አዲስ ዓሣ አትጨምሩ።